የሚዋሽ መብራት

ሰኔ 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዛሬ ከሰንበቴ ገበያ ስመለስ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራችብኝ። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ በርታ ስለማታውቅ መኖሯንም ረስቼ ነበር። ሥዕሏ የነዳጅ ማጣሪያ ነው፤ ከሥሩ ጠብታዎች አሉት። ናፍጣህ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ ቆም ብለህ እይ ማለቷ ነው። ማጣሪያው ሥር ውሃ የምትለይ ትንሽ ሴንሰር አለች፤ ከእሷ አንድ ቀጭን ሽቦ ተነስቶ ጋቢና ድረስ ይመጣል። ውሃ ሲጠራቀም መብራቷ ትበራለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ምንዳዬ ዘንድ ልወስዳት አሰብኩና ተውኩት። ምንዳዬ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረቤቴ ነው። እጁን አልጠላውም፣ አፉን ነው እንጂ። ጠዋት የነገርከውን ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ትሰማዋለህ። ጭነት የሚሰጡኝ ነጋዴዎች የአብዱልጀባር መኪና ታማለች ከተባሉ ሌላ መኪና ሳይፈልጉ አያድሩም። ስለዚህ ግቢዬ አስገብቼ ራሴ ከሥሯ ተኛሁ።

ሽቦው ከአንድ ብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ አልቋል። መዳቡ ወጥቶ ብረቱን ይነካል። መብራቷ የበራችው በዚህ ነው፤ ውሃ የሚባል ነገር የለም፣ ሽቦው ነው የዋሸው። በናስትሮ ጠቀለልኩት፤ ከብረቱም እንዲርቅ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ሸጎጥኩበት። ቁልፉን ሳዞር ዳሽቦርዱ ጭልም አለ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ቆይቷል።

ባለቤቴ ኡምኩልሱም በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

"የዓፊያ አባት፣ ኤሌክትሪክ ደግሞ መቼ ተማርክ?"

"ተሰጥኦ ነው" አልኳት።

"ማጣሪያውንስ ከፍተህ አየኸው?"

"መብራቷ ከጠፋች ምኑን አየዋለሁ።"

ይህን ደብተር ዓፊያ የሰጠችኝ የጥገና ነገር እንድጽፍበት ነው። ጻፍኩ።


ሰኔ 23

ጨፋ ሮቢት ገበያ ውዬ መጣሁ። ጭነቱ እስኪደርስ ኢብራሂም ዘንድ ጎራ አልኩ። ኢብራሂም እዚያው የወፍጮ ቤት አለው፤ ከዒድ በኋላ ልጄን ዓፊያን ለልጁ ለዩሱፍ እድራለሁ። ሽማግሌ መጥቷል፣ ዱዓ ተደርጓል፣ ያለቀ ነገር ነው። ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ጨርሰውት እንደነበር ኡምኩልሱም ትናገራለች፤ እኔ ግን አልሰማሁም።

"አካም ጅርታ፣ ሶዳ ኮ" ብሎ ተቀበለኝ። አማቼ ማለቱ ነው። ከሽምግልናው ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሻይ ጠጣን። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ለወፍጮው ያጠራቀማቸውን የናፍጣ በርሜሎች አሳየኝ።

"ከዛሬ ወዲያ ከማደያ ከቀዳህ እኔን እንደ ሰደብከኝ እቆጥረዋለሁ።"

"ኧረ ይሄማ አይሆንም" አልኩት።

"ወላሂ" አለ። ሰው ከማለ በኋላ ምን ይባላል። ማደያውም ሰሞኑን ወይ ሰልፍ ነው ወይ "ናፍጣ የለም" ነው። በገዛ እጁ ታንከሩን ሞላልኝ። እኔም የሽቦውን ጉዳይ ከስር ከመሠረቱ አጫወትኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። እንዲህ ያለ አማች አላህ ለጠላቴም አይከልክለው።


ሐምሌ 5

መብራቷ መጣች። የጠቀለልኩት ተፈትቶ ይሆናል። ዝናብ ነው። ጭነት አለኝ፣ ነገ አየዋለሁ።


ሐምሌ 6

የጠቀለልኩት አልተፈታም። እንዲያውም ማንም እንዲህ አድርጎ አይጠቀልልም።

ሽቦ ሲያረጅ ከውስጡ ስለሚበሰብስ ሙሉውን ለመቀየር ወሰንኩ። ከሱቅ አዲስ ገዝቼ ከማጣሪያው እስከ ጋቢና ዘረጋሁት፤ ከጭስ ማውጫው አራቅኩት፣ በየቦታው አሰርኩት። ቁልፉን አዞርኩ። በራች። ሶኬቱን ነቅዬ ባየው አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። በቢላዋ ጫፍ ፋቅኩት፣ በቤንዚን አጠብኩት። በራች። ያ ሁሉ ሥራ መና ቀረ፤ ልብሴን እስክቀይር እንኳ አልታገሰችኝም።

በመጨረሻ ለመታጠብ እንዲመቸኝ መኪናዋን ከተዳፋቱ አንስቼ ሜዳው ላይ ሳቆማት ጠፋች። አዲስ ሽቦ እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው።

ይህንን ለዓፊያ ስነግራት ጥቂት አሰበችና "አባ፣ ከተዳፋት ወደ ሜዳ ስትዞር የሚንቀሳቀሰው ሽቦው ነው ወይስ ታንከሩ ውስጥ ያለው?" አለችኝ።

ልጅ የሠርጓ ቀን ሲቃረብ ጥያቄ ይበዛባታል። ኡምኩልሱምም እንደዚሁ ነበረች።


ሐምሌ 14

ጨፋ ሮቢት። ኢብራሂም ዘንድ ምሳ በላሁ። ወፍጮው እየፈጨ ሳለ ተንደቀደቀና ቆመ። አስነሱት፣ ደግሞ ቆመ። እህል ይዘው የመጡት ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ። ኢብራሂም ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር "ቺንጊያው ነው" አለ።

"ቺንጊያ እኮ አስቸጋሪ ነው" አልኩት።

"ቀይሬው ነበር።"

"አዲስ ቺንጊያ እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል።"

"ልክ ነህ" አለና ሁለታችንም ምሳችንን ቀጠልን። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ስለ ሠርጉ ድንኳን እናወራ ነበር፤ ድምፃችንን ከፍ አደረግን።

ሊቀዳልኝ ወደ ጓሮ ሄድን። በርሜሎቹ የቆርቆሮው ክዳን ጠፈጠፍ የሚወርድበት ቦታ ላይ ናቸው። የአንዱ ክዳን ጠፍቶ በፌስታል ሸፍኖ ድንጋይ ጭኖበታል። ጠንቃቃ ሰው መሆኑን ያየሁት በዚህ ነው፤ ሌላው ቢሆን ፌስታሉንም አያደርግም።

ሙሽራው ዩሱፍ ጀሪካኑን ይዞ ቆሞ ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ እኔን ለማየት አፍሮ፣ "ጋሼ፣ የዘንድሮ ዝናብ የማይገባበት ቦታ የለም" አለኝ። አባቱ አየው። ልጁ ጀሪካኑን አነሳ። ስለ አየር ሁኔታ እንደ ትልቅ ሰው ሲያወራ ደስ አለኝ።


ሐምሌ 19

ወደ ኮምቦልቻ በቆሎ ጭኜ ሐርቡን ካለፍኩ በኋላ መኪናዋ ዳገቱ ላይ አሳላት። ጉልበት አጣች። መብራቷ እንደበራች ነው። ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ እያለፉኝ ሄዱ። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሼሁ፣ ለመግሪብ ትደርሳለህ" አለኝ። ስድብ መሆኑ ነው።

ከፍታ ይሆናል። ዳገቱ ግን ድሮም እዚያው ነበር።


ሐምሌ 23

ዓፊያ አንድ ነገር አደረገች፤ እኔ አላዘዝኳትም። ከታንከሩ ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድታ መስኮቱ ላይ አሳደረችው። ጠዋት ጠራችኝ። ከላይ ናፍጣው አለ፤ ከሥሩ ሦስት ጣት የሚሆን ጥርት ያለ ነገር ተኝቷል።

"ይሄ ምንድን ነው አባ?"

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። "ጠርሙሱ ታጥቦ ሳይደርቅ ነው የቀዳሽበት" አልኳት።

"ደርቋል።"

"ከደረቀማ ውሃ ከየት ይመጣል?"

እናቷ ልብስ እየሰፋች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ መስፋቷን ቀጠለች። ዓፊያ ጠርሙሱን ይዛ ወጣች። ሌሎች ሴት ልጆች ሠርግ ሲደርስ ስለ ቀሚስ ነው የሚጨነቁት።

ነገሩን ሳስበው፣ ዓፊያ እንደምትለው ይሁን እንበል። ኢብራሂምን ምን ልለው ነው? "የሰጠኸኝ ስጦታ የተበላሸ ነው" ብዬ? በሽማግሌ ፊት ልጄን ልሰጠው ቃል የገባሁለትን፣ በገዛ እጁ የሚቀዳልኝን ሰው? እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ የልጅቱም ትዳር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሽቦው ነው።


ነሐሴ 4

ነገ ረመዳን ይገባል ይላሉ። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥኩት። ሁለቱንም ጫፍ ለየብቻ በናስትሮ በደንብ ጠቀለልኩ፤ ሥራ ሥራ ነው።

ቁልፉን ሳዞር ዳሽቦርዱ ጸጥ አለ። ፆመኛ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚዋሽ መብራት ሲያይ መዋል የለበትም። ከረመዳን በኋላ በእርጋታ አየዋለሁ ኢንሻአላህ።

ኡምኩልሱም "ተሠራች?" አለች። "ጠፍታለች" አልኳት። ውሸት አይደለም።


ነሐሴ 11

ከምንዳዬ በር ሳልፍ ለአንድ ባለ ባጃጅ "የአብዱልጀባር መኪና ሳል ይዟታል፣ እሱ ደግሞ ደረቷን ትቶ ጆሮዋን ያክማል" ሲል ሰማሁት። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ። ተጣርቶ ደረሰብኝ።

"አብዱልጀባር፣ አምጣትና ማጣሪያዋን እንይላት። ጾም ላይ ነኝ አትበለኝ፣ ፍልሰታ ስለሆነ እኔም ጾመኛ ነኝ። ሁለት ጾመኞች ሆነን እንሠራለን።"

"ምንም የላትም" አልኩት። "ዳሽቦርዷ ንጹሕ ነው።"

"ንጹሕ?"

"ንጹሕ።"

ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ተመለሰ። ሰው ሲጾም ቁጡ ይሆናል ይላሉ፤ እኔ ግን አልተቆጣሁም።


ነሐሴ 19

ኢብራሂም ራሱ ቤቴ ከሚሴ ድረስ መጣ። ጀሪካን ይዞ አልነበረም። አብረን አፈጠርን። ተምሩን እየበላ ዓይኑ ከግቢው፣ ከመኪናዋ ላይ አይነሳም።

"መኪናህ ታማለች ሲሉ ሰማሁ።"

"ወሬ ነው።"

ሾርባውን አማሰለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሶዳ፣ እውነቱን ንገረኝ። ናፍጣው እንዴት ነው?" አለኝ።

ዓፊያ ውሃ ይዛ ገብታ ቆማ ነበር። መቆሟን ያወቅኩት ውሃው ሲቀዳ ስላልሰማሁ ነው።

"እንደ ማር ነው" አልኩት።

ኢብራሂም ማንኪያውን አስቀመጠ። ፊቱ ጥቁር አለ፤ ምናልባት አሞገስኩት ብሎ አፍሮ ይሆናል፣ ምናልባትም ከዚህ በላይ ምስጋና ጠብቆ ነበር። የተራዊሕ ሶላት ሳይሰግድ ወደ ቤቱ ሄደ። እንግዳ ሰው ነው።


ነሐሴ 23

ነገ የባቲ ገበያ ነው። በቆሎ ጭኛለሁ። ኡምኩልሱም ለሠርጉ የሚሆን ጨርቅና ምንጣፍ ልትገዛ ከእኔ ጋር ልትሄድ ተነስታለች፤ የኢብራሂም ሚስት ረቢአም ትመጣለች። ሁለቱ አማቾች አንድ ላይ መሄዳቸው ጥሩ ነው። በአውቶቡስ ሂዱ ልላቸው አስቤ ነበር። ለምን ቢሉኝ ምን እላለሁ ብዬ ተውኩት።


ነሐሴ 24

ባቲ። ሐኪም ቤት ነን። የኡምኩልሱም ቀኝ ክንድ ተሰብሯል። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ሌላ አልጽፍም።


ነሐሴ 26

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ወደ ባቲ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ ነበርን። ሴቶቹ ስለ ምንጣፍ ቀለም ይከራከሩ ነበር፤ ረቢአ መሀል፣ ኡምኩልሱም በበሩ በኩል። ሞተሩ አሳለ፣ ሁለቴ ተንገጫገጨ፣ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ፍሬኑም የሚይዘው ውስጡ የቀረው አየር እስኪያልቅ ድረስ ነው። አንዴ ረገጥኩ፣ ያዘ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ላላ። ከኋላዬ ያ ሁሉ በቆሎ ይገፋል። በግራ ገደል ነው፤ ከታች የአንድ ሰው ግመሎች መንገዱን ተሻግረው ሲሄዱ ይታዩኛል። መሪውን በሁለት እጄና በደረቴ ታግዬ ወደ ተራራው አዞርኳት። በቀኝ ጎኗ አፈሩን እየፋቀች ሄዳ ቆመች። በሩ ወደ ውስጥ ገባ።

ኡምኩልሱም አልጮኸችም። ረቢአ ናት የጮኸችው። ግመሎቹን የሚነዳው ሰውዬ ሮጦ መጥቶ በሩን በዱላው ፈልቅቆ ከፈተልን፤ ሚስቴን ተሸክሞ ያወረዳትም እሱ ነው። ቋንቋችን አይገናኝም። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ሐኪሙ ክንዷን ጀሶ አደረገላት። ስትነቃ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

"መብራቷ አልበራችም?" አለችኝ።

"አልበራችም" አልኳት።

"እኔም እያየኋት ነበር። ብትበራ እነግርሃለሁ ብዬ መንገዱን ሁሉ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም።"

ውሃ ላመጣላት ተነስቼ ወጣሁ። ጓሮ ቆየሁ።


ነሐሴ 29

ምንዳዬ መኪናዋን ሊያይ ከከሚሴ መጣ። አልጠራሁትም። ዓፊያም ለእናቷ ልብስ ይዛ አብራው መጣች። ማጣሪያውን ፈትቶ ጣሳ ላይ ገለበጠው። ከናፍጣ ይልቅ ውሃው ይበዛል። እጁን ጠረገና የሴንሰሯን ሽቦ እየተከተለ ወደ ላይ ሄደ። ቆመ።

"ይህን ማን ነው የቆረጠው?"

"አይጥ ሳይሆን አይቀርም" አልኩት።

"አይጥ ቆርጣ ስትጨርስ ናስትሮ ትጠቀልላለች?"

ዓፊያ ከኋላው ቆማ ነበር። አንዴ ሽቦውን አየች፣ አንዴ እኔን አየችና ወደ እናቷ ሄደች። ምንዳዬን ለማንም እንዳይናገር ልለምነው አስቤ ተውኩት። ማታ ከከሚሴ የደወሉልኝ ሁሉ ስለ ሽቦው አልሰሙም። እስከ ማታ የማይጠብቅ አፍ ዛሬ ለእኔ መዘጋቱ ከማውራቱ ይልቅ ያሳፍረኛል።


ጳጉሜን 2

ኡምኩልሱም ቤቷ ገብታለች። ዛሬ ሼህ ጀይሉና አንድ ሌላ ሽማግሌ ከጨፋ ሮቢት መጡ። ኢብራሂም ልኳቸው ነው። ረቢአ ከባቲ እንደተመለሰች በርሜሎቹን አስከፍታ፣ ውሃውን ለጎረቤት ሁሉ አሳይታ፣ ሦስት ቀን አላናገረችውም አሉ።

ሼህ ጀይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኢብራሂም እንዲህ ይላል። 'ናፍጣዬ የሰው ቤት ሊገድል ነበር። የሰበርኩት ክንድ ሳይጠገን በየትኛው ዓይኔ ልጅ አምጡ እላለሁ። ቃሌን መልሱልኝ።' ወፍጮውንም ዘግቷል።"

"ሰው ነው፣ ይሳሳታል" አልኳቸው። "አፉ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ በሉት።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሼህ ጀይሉ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እንዲህ ያለ ልብ ድሮ ነበር የሚባለው" አለኝ። ጉልበቴን ሊስም ሲል ከለከልኩት። ደግ ሰው ተብዬ መኝታዬ ገባሁ። እንቅልፍ የለም።

በኋላ ስልክ ተደወለ። ኢብራሂም ይቅርታውን አልቀበልም ብሏል። "ይቅር ባለኝ ቁጥር ይብስብኛል" ብሏል አሉ።


ጳጉሜን 4

ዓፊያ ዛሬ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

"አባ፣ አፉ ያልከው ምኑን ነው?"

"ናፍጣውን።"

"ዩሱፍ የውሃውን ነገር በሐምሌ ነግሮኛል። እሱ አባቱን ፈራ፣ አባቱ አንተን ፈራ፣ አንተ ደግሞ አባቱን። እኔ በጠርሙስ አድርጌ ፊትህ አቆምኩት።" ስልኬን ከጠረጴዛው አነሳችና እጄ ላይ አስቀመጠች። "ወይ አንተ ትደውልለታለህ፣ ወይ እኔ እደውላለሁ። እኔ ከደወልኩ ግን አባቴ ላይ የምናገር ልጅ ሆኜ ነው ከዚህ ቤት የምወጣው።"

ደወልኩ። ልጄ ከፊቴ አልተነሳችም።

"ኢብራሂም፣ ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"የቱን ሽቦ?"

"የመብራቷን። ናፍጣው ውሃ እንዳለው ስትነግረኝ ከረመች። ዝም እንድትል ቆረጥኳት።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?"

እርግጠኛ አልነበርኩም ልል አፌን ከፈትኩ። ዓፊያን አየሁና "ከሐምሌ" አልኩ።

"እኔም ከዚያው። ወፍጮው ነገረኝ።" ትንፋሹ ይሰማኛል። "ቤትህ ድረስ የመጣሁት እንድትነግረኝ ብዬ ነው። እንደ ማር ነው ስትለኝ፣ ይህ ሰው ወይ እጅግ ጨዋ ነው ወይ እጅግ ደንቆሮ ብዬ ሄድኩ።"

"አንተስ ለምን አልተናገርክም?"

"ምዬበታለሁ እኮ። ከማልኩ በኋላ ተበላሽቷል ልበል? ከሌላ ቅዳ ልበልህ?"

"እኔም ከማልክ በኋላ አልቀዳም ልልህ አልቻልኩም።"

አንድ ድምፅ አሰማ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረበት። ኡምኩልሱምን ጠየቀኝ፣ ክንዷን፣ ማታ እንዴት እንደምትተኛ። ከዚያ "እንግዲህ ሁለታችንም አንድ ነን፤ ለልጃችን ቃሌ እንዳለ ነው በልልኝ" አለ። ዓፊያ እጄን ስማ ወጣች።

ስልኩን ሳስቀምጥ ኡምኩልሱም ከውስጥ ክፍል በር ላይ ቆማለች። ጀሶ ያደረገው ክንዷ በነጠላ ከአንገቷ ታስሯል።

"ለእኔስ?" አለች።

"ምኑን?"

"ለኢብራሂም ነገርከው። ለእኔስ?"

ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ ቢሆንም ከሰኔ ጀምሬ ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ "ሽቦውን ቆርጠህ ደግሞ እኔን በበሩ በኩል አስቀመጥከኝ" አለችና ገባች።


ጳጉሜን 5

ዒድ ነው። ነገ ደግሞ እንቁጣጣሽ ነው፤ ምንዳዬ ከአሁኑ ለበዓሉ እንድንመጣ ጠርቶናል። ሰዉ ሁሉ ይገባል፣ ይወጣል፣ ኡምኩልሱምን ይጠይቃል። ለሁሉም ትመልሳለች። ለእኔ አትመልስም። ኢብራሂም ሙክት ይዞ መጥቶ በር ላይ ሲደርስ፣ ከእኔ በፊት ወደ እሷ ሄዶ ጎንበስ አለ። "አብሽር፣ ተነስ" አለችው። ለእሱ ወዲያው ነው ያለችው።


መስከረም 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዓፊያን ዳርናት።

መኪናዋ ኮምቦልቻ ጋራዥ ስለሆነች ሚዜዎቹ በተከራዩት አንድ ሚኒባስና በምንዳዬ ወንድም ባጃጅ ነው የተሄደው። ኒካሁ ሲታሰር ሼህ ጀይሉ "ከሁለቱ ወገን የሚናገር አለ?" ብሎ ጠየቀ። ኢብራሂምና እኔ እኩል ተነሳን። ሰዉ ሳቀ። ኢብራሂም የናፍጣውን ተናገረ፣ እኔ የሽቦውን ተናገርኩ። ምንዳዬ ከኋላ ሆኖ አንገቱን ደፋ፤ አሁን እንዲያወራው ፈቃድ ያገኘ መሰለኝ፣ ግን ከእሱ ቀድሜ ያወራሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ስትሄድ ጉልበቴን ሳመችና ጆሮዬ ሥር "አባ፣ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ናፍጣህን ሞልተህ ና" አለችኝ። የመጨረሻ ምክር የሚሰጠው አባት መስሎኝ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ግቢው ውስጥ ወንበር እሰበስብ ጀመር። ኡምኩልሱም በግራ እጇ ብርጭቆ ታነሳለች። ልቀበላት ሄድኩ፤ አልከለከለችኝም። ብዙ ሰዓት እንዲህ ሠራን። ሁሉም ሲያልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና፣ ከጳጉሜን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔን እያየች ተናገረች።

"ነገ ጀሶዬን ለማሳየት ኮምቦልቻ ቀጠሮ አለኝ።"

"አውቃለሁ። መኪና ለምኜ..."

"በሕዝብ አውቶቡስ ነው የምሄደው" አለች። "አንተም ከፈለግህ ትኬት ቁረጥ።"

በማለዳ ተነስቼ መናኸሪያ እሄዳለሁ። በመተላለፊያው በኩል ያለውን ቦታ ለእሷ እይዛለሁ፤ በመስኮቱ በኩል እኔ እቀመጣለሁ።